ቀና ብሎ ማየት፦ ከከተማ ግቢ ስለሚታዩ ተጓዥ ጭልፊቶችና ሌሎች የዱር እንስሳት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በወፎች የስደት ወራት ወንበሬን ወደ ግቢው መሃል አወጣለሁ። ባይኖኩላሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሰማዩን እጠብቃለሁ። የሚያልፈው ሁሉ ቆም ብሎ "ምን አለ እዚያ?" ይላል። አንዱን ስመልስ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ብዙ ጊዜ የሚመጡትን ከነመልሳቸው እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ጭልፊት፣ ጭላት፣ አሞራና ንስር የሚሉት ስሞች በአማርኛችን ከሰው ሰው ይደባለቃሉ። እኔ እዚህ "ጭልፊት" የምለው ሰፋ አድርጌ ነው። ለይቶ መጥራት ሲያስፈልግ ግን ወፎቹ በሌላ ቋንቋ የሚታወቁበትን ስም እጠቀማለሁ።

እውነት ከከተማ መሃል የሚሰደድ ጭልፊት ይታያል?

አዎ፣ ይታያል። በጉዞ ላይ ያለ ጭልፊት መንገዱን የሚመርጠው ነፋሱንና የአየሩን ሙቀት አይቶ ነው። ከሥሩ ጫካ ይኑር የፎቅ መንደር ብዙም አያስጨንቀውም። እንዲያውም አስፋልትና የቆርቆሮ ጣሪያ ፀሐይ ሲያገኛቸው ቶሎ ይሞቃሉ። ከእነሱ ላይ የሚነሳው ሞቃት አየር ለጭልፊቱ ጥሩ መወጣጫ ነው።

ኢስታንቡልን ውሰዱ። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። በየዓመቱ ግን ሽመላዎች፣ ንስሮችና ጭልፊቶች በቦስፎረስ ሰርጥ በኩል በራሷ በከተማዋ ሰማይ ላይ ያልፋሉ። ፓናማ ሲቲም እንደዚያው። በሰማይ ጠቀስ ፎቆቿ አናት ላይ ጥሩ በሆነ ቀን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች ይነጉዳሉ።

እናንተ የሚያስፈልጋችሁ ክፍት ሰማይ ብቻ ነው። ጓሮ ከሌለ በረንዳም ይሆናል። ጣሪያው ላይ መውጣት የሚቻል ከሆነማ እሰየው። ብዙ ሰው እነዚህን ወፎች ሳያይ የሚኖረው አጠገቡ ሳይመጡ ቀርተው አይደለም። በጣም ከፍ ብለው ስለሚሄዱ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ጭልፊት በባዶ ዓይን ከነጥብ አይበልጥም።

ለምንድን ነው የሚሰደዱት? ብርድ ፈርተው ነው?

ዋናው ምክንያት ምግብ ነው። ላባ ብርድን በደንብ ይከላከላል። የሰሜኑ አገር ብርዳማ ክረምት ሲከብድ ግን ነፍሳቱ ይጠፋሉ፣ እንሽላሊትና እባብ ይደበቃሉ፣ አይጦች በበረዶ ሥር ይገባሉ። እነዚህን የሚበላ ወፍ ምግቡን ተከትሎ መሄድ አለበት። እርግብ ወይም ሌላ ዓመቱን ሙሉ የሚገኝ ወፍ የሚበላው ግን ብዙ ጊዜ አገሩ ላይ ይቀራል።

የጉዞው ርዝመት ይገርማል። የስዌንሰን ጭልፊት ከሰሜን አሜሪካ ሜዳዎች ተነስቶ አርጀንቲና ድረስ ይወርዳል። አንዱ መንገድ ብቻ 10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሙር ፋልከን የምትባለው ደግሞ ክብደቷ ከእርግብ ያነሰ ሆኖ ከምሥራቅ እስያ ትነሳለች። በሰሜን ምሥራቅ ህንድ አርፋ ትበላና የአረቢያን ባሕር ሳታርፍ ታቋርጣለች። ሶማሊያ ጠረፍ ላይ ደርሳ ወደ ደቡባዊ አፍሪካ ትቀጥላለች። ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ አካል ነው ይህን ሁሉ የሚያደርገው። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር መገረሜ አይቀንስም።

በየትኛው ወር ልጠብቅ?

እንደምትኖሩበት ይለያያል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወደ ደቡብ የሚደረገው ጉዞ ከነሐሴ እስከ ኅዳር ይዘልቃል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ይበረታል። መልሱ ጉዞ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። ወደ ምድር ወገብ የሚቀርቡ አካባቢዎች ላይ መንገደኞቹ ትንሽ ዘግየት ብለው ይደርሳሉ፣ ሲመለሱም ቀደም ብለው ይታያሉ።

ወደ ደቡብ በሚደረገው ጉዞ ቁጥሩ ይበዛል። በዚያው ዓመት የተፈለፈሉት ወጣቶች አብረው ስለሚጓዙ ነው። ብዙዎቹ የመጀመሪያ ዓመታቸውን አይዘልቁም። ለዚህ ነው በመልሱ ጉዞ ሰማዩ ሳሳ ያለ የሚመስለው።

ከቀኑ ስንት ሰዓት ይሻላል?

ማልዳችሁ አትነሱ። ጭልፊት መሬት እስኪሞቅለት ይጠብቃል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አካባቢ መንቀሳቀስ ይጀምራል። ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሞቃቱ አየር ገና ስላልበረታ ወፎቹ ዝቅ ብለው ስለሚታዩ ነው። እኩለ ቀን ላይ በጣም ከፍ ይላሉ። ሰማዩ ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ ላይሆን ይችላል። ከ9 እስከ 11 ሰዓት ደግሞ ለማደሪያ ዛፍ ፍለጋ ዝቅ ማለት ይጀምራሉ። ያንንም አትለፉት።

የአየር ሁኔታውስ?

ከሰዓቱ ይበልጥ የሚወስነው እሱ ነው። ዝናብና ጭጋግ ሲሆን ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሁለት ሦስት ቀን ዘንቦ ሰማዩ ሲከፈት የተጠራቀመው ሁሉ አንዴ ይነሳል። ከዝናብ በኋላ ያለ የመጀመሪያ ብሩህ ቀን ካገኛችሁ፣ ሥራችሁን አስተካክላችሁ ውጡ።

ነፋሱንም እዩ። ከጀርባ የሚገፋቸው ለስለስ ያለ ነፋስ ይመቻቸዋል። ወደ ደቡብ ለሚሄድ ወፍ ከሰሜን የሚነፍስ ነፋስ ማለት ነው።

ጥጥ የመሰሉ የተበታተኑ ነጭ ደመናዎች ያሉበት ቀን ለተመልካች ከሁሉ የተሻለ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እንዲህ ያለው ደመና አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ሞቃት አየር ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ስለሆነ፣ ደመናው ባለበት መወጣጫ አለ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ጥቁር ነጥብ በነጭ ላይ ጎልቶ ይታያል። ጥርት ባለ ሰማያዊ ሰማይ ላይ ግን ዓይን የሚይዘው ነገር ያጣል፤ ከፍ ያለውን ወፍ አልፎት ይሄዳል።

ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እንዴት ነው እየዞሩ ወደ ላይ የሚወጡት?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም መልሱ የጉዟቸው ሁሉ ምሥጢር ነው።

ፀሐይ መሬትን እኩል አታሞቅም። የታረሰ ጥቁር አፈር፣ ድንጋይና አስፋልት ቶሎ ይግላሉ። ሣርና ውሃ ይዘገያሉ። የጋለው መሬት በላዩ ያለውን አየር ያሞቀዋል። ሞቃት አየር ቀላል ነው፤ ከዙሪያው ተለይቶ እንደ ዓምድ ወደ ላይ ይወጣል። ጭልፊቱ እዚያ ዓምድ ውስጥ ይገባና ክንፉን ዘርግቶ ይዞራል። የሚዞረው ከዓምዱ እንዳይወጣ ነው። አየሩ እሱን ይዞት ይወጣል።

ዓምዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ መዞሩን ያቆማል። ክንፉን ትንሽ ሰብሰብ አድርጎ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይንሸራተታል። እየተንሸራተተ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል። ከዚያ ሌላ ዓምድ ያገኝና እንደገና ይወጣል። በዚህ መንገድ በቀን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ነፋስ ሲረዳው ደግሞ ከዚያ እጥፍና ከዚያም በላይ። ጉልበቱን ግን እምብዛም አይነካም። ከባድ አካል ያለው ወፍ ያን ሁሉ መንገድ ክንፉን እየመታ ቢሄድ ስቡ በጥቂት ቀን ባለቀ ነበር።

አንዱ ዓምድ ሲያገኝ ሌሎቹ ያዩታል፤ እየተከተሉ ይገባሉ። ለዚያ ነው በአንድ ጊዜ ሃያ፣ መቶ፣ አንዳንዴም ሺህ ወፍ አብሮ ሲዞር የሚታየው። እንደ ፈላ ድስት ከሥር እስከ ላይ ሲተረማመሱ ማየት ነው።

በሚሊዮን የሚያልፉባቸው ቦታዎች አሉ ይባላል። የትኞቹ ናቸው?

ከላይ ያልኩትን ያዙ። ባሕር እንደ መሬት ስለማይግል፣ ላይ የሚወጣ ጠንካራ ሞቃት አየር የለውም። ስለዚህ ሰፊ ክንፍ ያላቸው ወፎች ባሕርን ይሸሻሉ። ዳርቻውን ተከትለው ይሄዱና ጠባብ መሻገሪያ ያለበት ይሰበሰባሉ።

በጂብራልታር ሰርጥ አውሮፓና አፍሪካ የሚራራቁት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ እዚያ ይሻገራሉ። በጆርጂያ ባቱሚ አካባቢ በጥቁር ባሕርና በካውካሰስ ተራሮች መሃል ተጨናንቀው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ያልፋሉ። በሜክሲኮ ቬራክሩዝ ደግሞ በባሕረ ሰላጤውና በተራሮቹ መካከል በአንድ የጉዞ ወቅት ከ4 ሚሊዮን በላይ ይቆጠራሉ። ወደ አፍሪካ ከሚገቡት ከፊሎቹ በሲና በኩል ይመጣሉ። ሌሎቹ በባብ ኤል መንደብ ተሻግረው ወደ አፍሪካ ቀንድ ይገባሉ።

የእናንተ ግቢ ከእነዚህ ሩቅ ከሆነ ቅር አይበላችሁ። ወፎቹ መሻገሪያው ጋ የሚደርሱት ሰፊ አገር ላይ ተበትነው ተጉዘው ነው። በቀን አምስት ማየትም ትልቅ ነገር ነው።

የሰፈሬን ጭልፊት ከመንገደኛው እንዴት ልለየው?

ሁኔታው ይናገራል። የሰፈሩ ወፍ ይመላለሳል። ምሰሶ ላይ ያርፋል፣ ወደ መሬት ያያል፣ ይጮሃል፣ ቁራዎች እየተከተሉ ያዋክቡታል። መንገደኛው ግን ጉዳይ ያለው ሰው ይመስላል። ይዞራል፣ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል። አይመለስም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሌላው በዚያው መስመር ከመጣ ጥርጣሬው አበቃ።

ስማቸውን እንዴት ነው የምለየው? ሁሉም አንድ ይመስሉኛል።

ቀለም አትከተሉ። ጀማሪን የሚያሳስተው እሱ ነው። ከሩቅ ሁሉም ጥቁር ነው፤ በዚያ ላይ የአንዱ ዝርያ ወጣትና አዋቂ ላባ ይለያያል። ቅርጹንና አበራረሩን እዩ።

ክንፉ ሰፊ፣ ጅራቱ አጭርና እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ከሆነ ባዛርድ ከሚባሉት ወገን ነው። ብዙ የሚሰደዱት እነዚህ ናቸው። ክንፉ አጭርና ክብ፣ ጅራቱ ረጅም ሆኖ ሁለት ሦስቴ ካርገበገበ በኋላ የሚንሸራተት ከሆነ ወፍ አዳኙ ጭልፊት ነው። በዛፍ መሃል ሾልኮ ለማደን የተሠራ አካል ነው። ክንፉ እንደ ማጭድ ሹል ከሆነና ቶሎ ቶሎ የሚመታ ከሆነ ፋልከን ነው። ፋልከን እንደ ሌሎቹ ሞቃት አየር ብቻ አይጠብቅም፤ ባሕርም ይደፍራል። ፔሪግሪን የሚባለው ፋልከን ወደ ታች ሲወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፦ በዘረ መል ጥናት ፋልከኖች ከሌሎቹ ጭልፊቶች ይልቅ ለበቀቀን እንደሚቀርቡ ተረጋግጧል።

ጅራቱ መሃሉ ላይ ገባ ያለና በበረራ እንደ መቅዘፊያ የሚጠማዘዝ ከሆነ ከተማ የለመደው ጥቁር ጭላት ሊሆን ይችላል። ንስር ትልቅ ነው። ክንፉ እንደ ሳንቃ ወጥ ሆኖ ይዘረጋል፤ ጫፉ ላይ ላባዎቹ እንደ ጣት ይለያያሉ። ጥንብ አንሳው ደግሞ ከሰፊ ክንፉ ጋር ሲተያይ ጭንቅላት የሌለው ይመስላል።

በመጀመሪያው ዓመት እነዚህን ወገኖች መለየት ይበቃል። ዝርያውን ለይቶ መጥራት በጊዜው ይመጣል። ያልለየሁትን ዛሬም "ያልታወቀ" ብዬ ነው የምመዘግበው፤ ገምቶ ከመጻፍ ይሻላል።

ምን ዓይነት ባይኖኩላር ልግዛ?

8x42 የሚል የተጻፈበት ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል ማለት ነው። 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ብርሃን የሚያስገባው እሱ ነው። 10 እጥፍ የሚያቀርበው ለሩቅ ጭልፊት ይረዳል፤ ግን የእጅ መንቀጥቀጥንም ያጎላል፣ የሚያሳየውም ሰማይ ጠባብ ነው። 20 እና 30 እጥፍ እያለ የሚሸጥ ርካሽ ነገር አትግዙ።

እባካችሁ በባይኖኩላር ፀሐይን በቀጥታ አትዩ። ለአፍታም ቢሆን ዓይንን ለዘለቄታው ይጎዳል። ፀሐይዋን በጣሪያ ጠርዝ ወይም በዛፍ ከልላችሁ ተቀመጡ። አንገትም ይደክማል፤ ወደ ኋላ ዘንበል የሚል ወንበር ካለ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ሰማዩ ሰፊ ነው። የት ብዬ ልይ?

በዘፈቀደ አታስሱ። የደመናዎቹን ጠርዝ አንድ በአንድ ተከተሉ። ከዚያ በባይኖኩላር ሰማዩን እንደ ማሳ በመስመር በመስመር እረሱት። በመሃል በመሃል ዓይናችሁን ሩቅ ያለ ነገር ላይ፣ ደመና ወይም ፎቅ ላይ አሳርፉ። ባዶ ሰማይ ላይ የተተከለ ዓይን ሳይታወቀው ወደ ቅርብ ያተኩራል፤ ያኔ ከላይ ያለው ወፍ ይሰወራል።

ጆሯችሁም ይርዳችሁ። ግቢው ውስጥ የሚንጫጩት ትንንሽ ወፎች በአንዴ ጸጥ ካሉ ቀና በሉ። እርግቦች ያለምክንያት በድንገት ከጣሪያ ከተነሱም እንዲሁ። ከእናንተ ቀድመው አይተዋል። ጫጩት ያላት ዶሮ አንገቷን አዘንብላ በአንድ ዓይኗ ሰማይ ስታይ ካያችኋት፣ እሷ የምታይበትን አቅጣጫ ተከተሉ።

ሲበዙ እንዴት ይቆጠራሉ?

በሚዞሩበት ጊዜ ለመቁጠር አትድከሙ፤ ይደባለቃሉ። ጠብቁ። ከዓምዱ ጫፍ ሲወጡ አንድ በአንድ ክር ሠርተው ይንሸራተታሉ። ያኔ ነው መቁጠር። በጣም ከበዙ አሥር ወፍ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ እዩና በአሥር በአሥር ሂዱ።

እኔ ከጓሮዬ የምመዘግበው ለማን ይጠቅማል?

ለወፎቹ ይጠቅማል፤ ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ታሪክም አለ። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንድ የተራራ ሸንተረር ነበር። አዳኞች በየዓመቱ እዚያ ተሰብስበው የሚያልፉትን ጭልፊቶች በጥይት ይጥሏቸው ነበር። ለስፖርት ነበር የሚገድሏቸው። በ1934 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሮዛሊ ኤጅ የምትባል ሴት ቦታውን ተከራየችና ጠባቂ አስቀመጠች። ተኩሱ ቆመ። ያ ቦታ ዛሬ ሆክ ማውንቴን ይባላል። ጠባቂው ሞሪስ ብሩን ወፎቹን መቁጠር ጀመረ። በኋላ ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ ንስሮችን እየጎዳ መሆኑ ሲጠረጠር፣ የወጣት ንስሮች ቁጥር ማሽቆልቆሉን ካሳዩት ማስረጃዎች አንዱ ይህ የዓመታት ቆጠራ ነበር። በ1972 አሜሪካ ዲዲቲን ለአብዛኛው አገልግሎት አገደች።

ስለዚህ ደብተር ያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ አቅጣጫ፣ ነፋስና ደመና ጻፉ። ምንም ያላያችሁበትንም ቀን መዝግቡ፤ ዜሮም መረጃ ነው። በስልክ ለመመዝገብ ከፈለጋችሁ ኢበርድ የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ተጠቀሙ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ጥናት ማዕከል ነው የሚመራው። የጻፋችሁት ከመላው ዓለም ከሚመጣው ጋር ተደምሮ ተመራማሪዎች እጅ ይገባል።

ድሮስ ወዴት እንደሚሄዱ እንዴት ታወቀ?

ረጅም ጊዜ አልታወቀም ነበር። አርስቶትል እንኳ አንዱ ወፍ ወቅቱ ሲለወጥ ወደ ሌላ ወፍ ይለወጣል ብሎ ጽፏል። በ1822 ግን ጀርመን ውስጥ አንድ ነጭ ሽመላ ተገኘ። አንገቱ ላይ ረጅም ጦር ተሰክቶ ነበር፤ ጦሩ የአፍሪካ ነው። ወፉ ቆስሎ ያን ሁሉ መንገድ በርሮ ተመልሷል። ዛሬም ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይታያል። በ1899 ደግሞ ሞርተንሰን የተባለ የዴንማርክ መምህር ቁጥርና አድራሻ ያለበት የአሉሚኒየም ቀለበት ወፎች እግር ላይ ማሰር ጀመረ። አሁን በሳተላይት የሚከታተል ትንሽ መሣሪያ ጀርባቸው ላይ ይደረጋል።

ጭልፊት ግቢዬ ውስጥ ወፍ ሲይዝ አየሁ። ላባርረው?

ተዉት። ማየቱ ይከብዳል፤ ይገባኛል። እሱ ግን ሌላ የሚበላው የለውም። ከሚሞክረውም አብዛኛው ይከሽፍበታል። ለወፎች ጥራጥሬ የምታስቀምጡ ከሆነና እሱ ማዘውተር ከጀመረ፣ ጥራጥሬውን አንድ ሁለት ሳምንት አቁሙ። ትንንሾቹ ይበተናሉ፤ እሱም ሌላ ቦታ ይሞክራል። ጫጩት ያለው ሰው ከላይ መረብ ይዘርጋ። ሥጋ እየጣላችሁ ጭልፊት አታልምዱ። ሰው የለመደ አዳኝ ወፍ በኋላ ከሰው እጅ ሊነጥቅ ይመጣል፤ መጨረሻው ለእሱም አያምርም።

ሌሎች እንስሳት ወደ ግቢዬ እንዲመጡ ምን ላድርግ?

ውሃ አስቀምጡ። ከሁሉም በላይ ይህ ነው። ጥልቀቱ ከሁለትና ሦስት ጣት የማይበልጥ ሰፊ ሳህን ይበቃል። መሃሉ ላይ ድንጋይ አድርጉ፤ ንብና ቢራቢሮ እሱ ላይ ቆመው ይጠጣሉ። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ደፍታችሁ ፈትጉት። የቆየ ውሃ የወባ ትንኝ ያራባል፤ በሽታም ከወፍ ወደ ወፍ ያስተላልፋል።

ከዚያ አንዱን የግቢ ጥግ አትጥረጉት። የረገፈ ቅጠል፣ የወደቀ ግንድና የድንጋይ ክምር ለጥንዚዛ፣ ለእንሽላሊትና ለእንቁራሪት ቤት ነው። እነሱ ካሉ የሚበላቸው ወፍ ይመጣል። የአካባቢው ተወላጅ የሆነ ዛፍና አበባ ትከሉ፤ ነፍሳቱ ለዘመናት ያወቁት እሱን ነው።

የአይጥ መርዝን በተመለከተ ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። መርዝ የበላ አይጥ ወዲያው አይሞትም። ለቀናት እየተንገዳገደ ይሄዳል። ለጉጉትና ለጭልፊት ቀላል አደን እሱ ነው። መርዙም ወደ እነሱ ያልፋል፤ ደማቸው እንዳይረጋ ያደርጋል። በኒው ዮርክ ከመካነ እንስሳት ወጥቶ አንድ ዓመት በነፃነት የኖረው ፍላኮ የተባለ ጉጉት በ2024 ሞቶ ሲመረመር ሰውነቱ ውስጥ የአይጥ መርዝ ተገኝቷል። ወጥመድ ተጠቀሙ፣ ምግብ ክደኑ፣ ቀዳዳ ድፈኑ። መርዙን ግን ተዉት።

መስኮትና ድመት ያን ያህል ጉዳት አላቸው?

አላቸው። በአሜሪካ ብቻ በዓመት ከ365 ሚሊዮን እስከ 988 ሚሊዮን ወፎች ከመስታወት ጋር ተጋጭተው እንደሚሞቱ በ2014 የወጣ ጥናት ገምቷል። ወፍ መስታወት ላይ የሚያየው የሰማይና የዛፍ ምስል ስለሆነ መንገድ ይመስለዋል። አንድ ሁለት ተለጣፊ ምስል ብቻ አይረዳም። በውጭ በኩል፣ መስታወቱን በሙሉ፣ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ነጥብ ወይም መስመር አድርጉ። ማታ ደግሞ የማያስፈልግ የውጭ መብራት አጥፉ፤ የሌሊት ተጓዦችን ያሳስታል።

ድመት በወፎች ላይ ከመስታወትም የከፋ ጉዳት ታደርሳለች። ቢያንስ በስደት ወራትና ጫጩቶች ከጎጆ በሚወጡበት ጊዜ ቤት ውስጥ ትቆይ።

ወፍ ወድቆ ባገኝስ?

መጀመሪያ ጫጩት መሆን አለመሆኑን እዩ። ላባ ያወጣና መሬት ላይ የሚፈናጠር ጫጩት አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም፤ ወላጆቹ አጠገቡ ናቸው። ድመቷን አርቁና ራቁ።

ከመስታወት ተጋጭቶ የደነዘዘውን ግን ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፋችሁ አስቀምጡት። ጨለማና ጸጥታ ይበቃዋል። ውሃ በአፉ አታፍስሱ፤ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ምግብም አትስጡ። ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ውጭ አውጥታችሁ ክፈቱለት። ካልበረረ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ጭልፊት ከሆነ በባዶ እጅ አትንኩት፤ ወፍራም ፎጣ ጣሉበትና እግሮቹን ጠብቁ። የሚጎዳው ጥፍሩ ነው። ብዙ ወፎች በአንዴ ሞተው ካገኛችሁ ሳትነኩ ለሚመለከተው የእንስሳት ጤና አካል ንገሩ።

ከመሸ በኋላስ የሚታይ አለ?

አለ። ፀሐይ እንደጠለቀች የሌሊት ወፎች ይወጣሉ፤ መብራት ዙሪያ ነፍሳት ሲያድኑ እዩአቸው። ጉጉትን ከማየታችሁ በፊት ትሰሟታላችሁ።

ትልቁ ነገር ግን ከላይ ነው። ጭልፊት ቀን ሲጓዝ ትንንሾቹ ወፎች የሚጓዙት ሌሊት ነው። ሌሊት አየሩ ቀዝቃዛና የረጋ ነው፤ አዳኙም ተኝቷል፤ ኮከቦችም አቅጣጫ ያሳያሉ። በስደት ወራት ጨረቃ ስትሞላ፣ ከጨለመ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ባይኖኩላራችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፉና የጨረቃዋን ፊት እዩ። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ግማሽ ሰዓት ምንም ላይታይ ይችላል። ከዚያ አንዲት ትንሽ ጥቁር ነገር ከዳር እስከ ዳር ታቋርጣለች። ከሁለት ሴኮንድ አይበልጥም። ሌላዋ በዚያው አቅጣጫ ትከተላለች።